ከአፍሪካ አዳራሽ ጀርባ

የአዲስ አበባ ፖስት ካርዶች ለብዙ ዓመት ሲያሳዩ የኖሩት ጥቂት ቦታዎችን ነው። የአራት ኪሎውን የድል ሐውልት፣ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ፈረስ ላይ ያሉትን ዳግማዊ ምኒልክን፣ የለገሀሩን የይሁዳ አንበሳ፣ አፍሪካ አዳራሽን። ከአፍሪካ አዳራሽ ጀርባ፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ ሄደው የሚደርሱበት ካዛንቺስ ግን የፖስት ካርድ መልክ አልነበረውም። ከላይ ሲያዩት የዛገ ቆርቆሮ ነው፤ ከጎን ሲያዩት ኖራው የረገፈ የጭቃ ግድግዳ፣ ቀና ሲሉ ደግሞ የተተበተበ የመብራት ሽቦ። እዚያ ያደገ ሰው ግን ዛሬ ዋሽንግተንም ይኑር ጀሞ፣ ስለ ሰፈሩ ወሬ ሲነሣ "ሲያምር!" ብሎ ነው የሚጀምረው።

የናፍቆት ነገር ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ትዝታ ያሳምራል። ነገር ግን ሰው ያደገበትን ሁሉ አያሞግስም። በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በእኩል ድህነት፣ አንዱ ቦታ በፍቅር ሲነሣ ሌላው "እንኳን ወጣሁ" የሚባልበት ምክንያት መኖር አለበት። ያንን ምክንያት መፈለግ ደግሞ ዛሬ፣ ካዛንቺስ ፈርሶ ካለቀ በኋላ፣ የበለጠ ያስፈልጋል።

የሰፈሩ አጀማመር ለውበት ምስክር የሚሆን አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ የጣሊያን ፋሺስቶች አዲስ አበባን የምሥራቅ አፍሪካ ግዛታቸው ዋና ከተማ አድርገው እንደ አዲስ ሊሠሯት አቅደው ነበር። ኢግናሲዮ ጉይዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉት የከተማ ነዳፊዎች ያወጡት ፕላን ጣሊያኑን ከአገሬው ሰው የሚለይ ነበር፤ የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ቦታ የተገፋው በዚያ ጊዜ ነው። ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዝዬም ከተማዋን ሳያያት ንድፍ ሥሎ ለሙሶሊኒ ልኳል። በንድፉ ላይ የነበረችው አዲስ አበባ የለችም፤ ጉብታውም ወንዙም ቤቱም ተጠርጎ ቀጥ ያለ ሰፊ ጎዳና ብቻ ተዘርግቷል። ካዛንቺስ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን ተቋም በምሕጻር "ኢንቺስ" ይባል ነበር፤ የእርሱ ቤቶች፣ "ካዜ ኢንቺስ"፣ በአዲስ አበቤ አፍ ካዛንቺስ ሆነው ቀሩ።

ድሮ የነበረችው ከተማ የተሠራችው በሌላ መንገድ ነው። ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አካባቢ ሲሰፍሩ፣ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ጉብታ ጉብታው ተመራ። የተሾመው ራስ ወይም ደጃዝማች ከላይ ግቢውን ያጥራል፤ ወታደሩ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ፈረስ ጠባቂው፣ ጸሐፊው በዙሪያው ጎጆውን ይቀልሳል። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሚሉት ስሞች ሁሉ የዚያ አሰፋፈር ቅሪት ናቸው። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ባለጸጋው ለብቻው፣ ድሃው ለብቻው የሚኖርባት ከተማ ሳትሆን የኖረችው። ባለ ሰገነቱ ቤትና የጭቃው ቤት አንድ አጥር ይጋሩ ነበር።

ወረራው ሲያበቃ ካዛንቺስም ወደዚህ ልማድ ገባ፤ ስለ ሰፈሩ ከሚነገረው ሁሉ ትልቁ ነገርም ይህ ይመስላል። ሰውን ከሰው ለመለየት የተቀየሰው መንገድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁሉም የሚኖርበት ሆነ። ጣሊያን በሠራቸው ቪላዎች መሐል የባሕር ዛፍ ማገር ተማገረ፣ ጭድና ጭቃ ተረገጠ፣ ቆርቆሮ ተመታ። በ1953 ዓ.ም. አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. ግንቦት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር እዚያው ተፈረመ። የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት የሚያንጸባርቅበት አዳራሽ ለአህጉሩ መሪዎች ደጁን ሲከፍት፣ በአዳራሹና በዙሪያው ባሉት መሥሪያ ቤቶች ከሚሠሩት ብዙዎቹ ማታ የሚገቡት ከጀርባ ካለው ቅያስ ነበር። ጸሐፊዋ፣ ሾፌሩ፣ አስተናጋጁ፣ ጥበቃው።

ከዚያ የ1967ቱ አዋጅ መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። አንድ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው ቪላ ለሦስት ለአራት ተከፈለ፤ ሰርቪስ ቤቱ፣ ጋራዡ፣ ማድ ቤቱ ሳይቀር ቁጥር ተለጠፈበት። የወር ኪራዩ ጥቂት ብር ነው፤ በዚያ ገንዘብ ቀበሌው ጣሪያ መቀየር አይችልም፣ ተከራዩም ያለ ፈቃድ ምስማር መምታት ይፈራል። ልጅ ሲበዛ ቤቱ ወደ ጎን አይሰፋምና ከውስጥ ቆጥ ይሠራል። አባትና እናት ከታች፣ ልጆች ከኮርኒሱ ሥር። የካዛንቺስ ልጅ ስለ ዝናብ ድምፅ ሲያወራ ይህን ያስታውሳል፤ ቆርቆሮው ከአፍንጫው አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም ነበርና።

ሰፈሩን ለማየት ከአስፋልቱ መውጣት ያስፈልግ ነበር። ከመንገድ ዳር የሚታዩት ሥጋ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ፋርማሲና ሆቴል ናቸው። ከሁለት ሱቅ መሐል የሚገባው ቅያስ ግን ወደ ውስጥ በሄዱ ቁጥር ይጠባል። መጀመሪያ መኪና ያስገባል፣ ቀጥሎ ጋሪ፣ ቀጥሎ ሁለት ሰው ጎን ለጎን፤ በመጨረሻ አንዱ ትከሻውን አዘንብሎ ሌላውን የሚያሳልፍበት ይሆናል። እዚያ ጥበት ውስጥ ሰላም ሳይሉ ማለፍ አይቻልም። "እንዴት አደሩ እማማ" ሳይል የተሻገረ ልጅ ማታ እናቱ ዘንድ ክስ ይጠብቀዋል። ከተማ ነዳፊ ጉድለት ብሎ የሚመዘግበው ጥበት ለነዋሪው የሰላምታ ቦታ ነበር።

ገና ሳይነጋ የዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ይሰማል። ከዚያ መጥረጊያ። እያንዳንዷ ባለ ቤት በሯን ከፍታ ከደጇ እስከ ጎረቤቷ ደጅ ድረስ ትጠርጋለች፤ አቧራው እንዳይነሣ ውሃ ትረጫለች። ያ ውሃ ከቦኖ በጀሪካን የመጣ፣ ተሰልፈው የቀዱት ነው፤ ለደጅ ሲረጭ ግን አይሰሰትም። ከበሩ አጠገብ በዘይት ጣሳ፣ በተሰነጠቀ ባልዲ፣ በአሮጌ ድስት ጤና አዳም፣ በሶብላና ጽጌረዳ ይበቅላል። ጤና አዳሙ ለቡና የጎረቤት ሁሉ ነው። የካዛንቺስን ቅያስ ያሳመሩት ሴቶች ናቸው፤ ይህ በግልጽ መጻፍ አለበት። ማዘጋጃ ቤት በመዝገብ ያላሰፈረው፣ ደመወዝ ያልተቆረጠለት፣ በየቀኑ ከዜሮ የሚጀምር ሥራ ነበር። ስለ ሰፈር ውበት የሚያወራ ሰው ይህን ድካም ካልቆጠረ የሚያወራው ስለ ቀለም ብቻ ነው።

ረፋድ ላይ ድምፁ ይለወጣል። "ቆራሌው!" እያለ የሚያልፈው፣ አሮጌ ልብስ በሳህን የሚለውጠው "ልዋጭ!"፣ የጉልት ሻጮቹ ጨዋታ፣ የሊስትሮው ብሩሽ። ከሰዓት በኋላ ቅያሱ የልጆች ነው። ጨርቅ ኳስ የሚለጋው አጥር ላይ ጎል ይሥላል፤ ሴቶቹ ልጆች ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ፤ ብይ የሚጫወተው ጉድጓዱን በተረከዙ ይምሳል። ጥላው ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ ሲሻገር የጨዋታውም ቦታ አብሮ ይሻገራል። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት በነበረበት ጊዜ የእነዚያ ቤቶች ሳሎን የሰፈሩ አዳራሽ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ካሜሩን አርጀንቲናን ስታሸንፍ፣ ኳሱን ያየው በውስጥ የተቀመጠው ብቻ አልነበረም፤ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለው ደጅ ላለው እየተረጎመ ነው ሁሉም የጮኸው።

ነሐሴ ሲገባ ልጆቹ ዱላ ይዘው ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ለእንቁጣጣሽ ሴቶቹ ልጆች አደይ አበባ ይዘው በየደጁ ይዘፍናሉ። ይህ ባህል ደጅ ይፈልጋል። አሥረኛ ፎቅ ላይ ሆያ ሆዬ ለማለት መጀመሪያ ጥበቃውን ማስፈቀድ፣ ከዚያ ሊፍቱ እንዳለ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለጥምቀት ደግሞ ታቦቱ የሚያልፍበትን መንገድ የሰፈሩ ወጣት ነው የሚያጥበው፣ ቄጠማ የሚጎዘጉዘው፣ ቀይ ምንጣፉን እየጠቀለለ ከፊት እየሮጠ የሚያነጥፈው። የዚያን ቀን የዛገው ቆርቆሮ አጥር በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ወረቀት ተሸፍኖ ላየ ሰው "ይህ ሰፈር ያምራል ወይ?" የሚለው ጥያቄ አይመጣለትም።

ማታ ካዛንቺስ የሌላ ሰው ነበር። አዝማሪ ቤቶቹ ይከፈታሉ፤ ማሲንቆ ይመታል፤ እንግዳው በስሙና በልብሱ ቅኔ ይቀበላል። ከእነዚህ ቤቶች አንዱ ፈንድቃ ነበር። እስክስታ ተጫዋቹ መላኩ በላይ ገና ወጣት ሳለ እዚያ እየጨፈረ ከተመልካች በሚሰጠው ገንዘብ ይኖር ነበር፤ የሚያድረውም እዚያው ነበር። በኋላ ቤቱን ተረክቦ የባህል ማዕከል አደረገው። ግድግዳው የሠዓሊዎች ማሳያ ሆነ፤ ከአዝማሪው ጎን የጃዝ ባንድ ተቀመጠ፤ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጡ ሙዚቀኞች ከሰፈሩ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። መላኩ "ኢትዮከለር" ከተባለው ቡድኑ ጋር ብዙ አገር ዞሯል። ቤቱ ግን ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወንበሩ በርጩማ የሆነ የካዛንቺስ ቤት ሆኖ ነው የዘለቀው። ውበቱን ያገኘው ከሰፈሩ ተለይቶ በመውጣት አይደለም። በዚያው ጥበት፣ ሰው ከሰው በሚነካካበት ቦታ ላይ ስለተሠራ ነው እንግዳውም ጎረቤቱም አብረው የጨፈሩት።

ይህ ሁሉ እውነት ሲሆን ሌላው እውነትም አብሮ መነገር አለበት። የጋራ ሽንት ቤቱ ለብዙ ቤተሰብ አንድ ነበር፤ ሲሞላ መጣጭ መኪና ቅያሱ ውስጥ አይገባም። ሌሊት ሕመም የያዛት እናት በር አንኳኩታ ጎረቤት ቀስቅሳ ካልሆነ አትወጣም። ክረምት ላይ የፍሳሹ ውሃ ከደጅ አልፎ ወለል ላይ ይተኛል። እሳት ሲነሣ የእሳት አደጋ መኪና አስፋልቱ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ማጥፊያው የጎረቤት ባልዲ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም ከአዲስ አበባ መኖሪያ 80 በመቶ ያህሉን ከደረጃ በታች ብሎ መመደቡ አለምክንያት አልነበረም። ሽንት ቤት የሌለው ሰው ፊት ስለ ጤና አዳም ጣሳ ብቻ ማውራት ነውር ነው። ግን ደግሞ ጉድለቱ ከየት እንደመጣ ማየት ይገባል። ቱቦው ሳይዘረጋ የቀረው ሰዎቹ ተቀራርበው ስለኖሩ አይደለም፤ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ማንም ሳይጠግነው ስለኖረ ነው። ቅያሶቹ ኮብልስቶን ሲነጠፍላቸው የታየው ይህ ነው፤ ድንጋዩ በተነጠፈበት ዓመት ጭቃው ጠፋ፣ ሰዉ ግን ከቦታው አልተነሣም። ጥቂት ገንዘብና ትንሽ አሳብ ብዙ ያስተካክል ነበር።

መቀራረቡ ራሱ ጉድለት እንዳልነበረ የሚያሳየው የተሻለው ማስረጃ ኮንዶሚኒየም ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ከተማዋን የከበበው ፕሮግራም ለብዙ ሺህ ቤተሰብ የራሱን ውሃ፣ የራሱን ሽንት ቤት ሰጥቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነዳፊዎቹ ስለ ሰፈር ኑሮም አስበው ነበር። በየሕንፃዎቹ መሐል በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ቤት፣ ነዋሪው ኮሚናል የሚለው፣ ተሠራ። ኮሚናሉ ብዙ ቦታ መጋዘን፣ ሱቅ ወይም ቢሮ ሆነ። ቤቱ መጥፎ ስለሆነ አይመስልም። ካዛንቺስ ውስጥ እንጀራ ጋጋሪዋ ከደጇ ሦስት እርምጃ ነበረች፤ እየጋገረች ልጇን ታያለች፣ ሽሮዋን ታማስላለች፣ ከጎረቤቷ ታወጋለች። አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ሴት ሊጥ ተሸክማ ደረጃ ወርዳ፣ ሜዳ ተሻግራ ኮሚናል ስትገባ ግን ልጁም ወጡም ከላይ ቀርተዋል። ሥራዎቹ እርስ በርሳቸው ሲለያዩ ሰዉም ተለያየ። የሰፈር ውበት የሚባለው ነገር በመለኪያ የሚያዝ ከሆነ፣ አንዱ መለኪያ ይህ ርቀት ነው፤ ከምድጃ እስከ ደጅ፣ ከደጅ እስከ ጎረቤት፣ ከጎረቤት እስከ ሱቅ ያለው። በካዛንቺስ ሁሉም በጥሪ ድምፅ ክልል ውስጥ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ኮሪደር ልማት በተባለው የከተማ ማደስ ሥራ የፒያሳ ብዙ ክፍል ፈረሰ፤ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሜዳ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ፈንድቃም ከሰፈሩ ጋር ሄደ። ቦታው ላይ አሁን ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መናፈሻና በማታ የሚያበራ መብራት አለ፤ ቤተሰቦች ምሽት ላይ እየወጡ ፎቶ ይነሣሉ። ይህም ውበት ነው፤ ለከተማዋ የሚገባትም ነው። ሕፃን ልጅ ያለ ሥጋት የሚሮጥበት የእግረኛ መንገድ አዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ አጥታ ነበር። ነገር ግን ይህ የሚጎበኝ ውበት ነው፤ ሰው መጥቶ አይቶ ይሄዳል። ያኛው የሚኖርበት ነበር። አንዲት ከተማ ለሁለቱም ቦታ ልታገኝ ትችል ነበር፤ ቢያንስ ከጣሊያን ዘመን ቪላዎችና ከቅያሶቹ ጥቂቱን አድሳ፣ ቱቦ ዘርግታ፣ ነዋሪውን ሳታርቅ። ብዙ የዓለም ከተሞች አሮጌ ሰፈራቸውን በዚህ መንገድ አቆይተዋል፤ ሐረር ጀጎልም ግድግዳው ከድንጋይ ስለሆነ ብቻ አልተረፈም፤ የሚኖርበት ሰው ስላለ ነው።

ከካዛንቺስ የተነሡት ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ሄደዋል፤ ሌሎችም ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ቤቱ አዲስ ነው፣ ውሃው ቤት ውስጥ ነው። የሚቸግረው እድሩ ነው። እድር በጎረቤት ላይ የቆመ ነው። ሞት ሲመጣ የሚጠራው ሰው ጥሩንባ የሚሰማበት ቦታ መኖር አለበት። ሰፈሩ ሲበተን ግን ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና ሳህኑ የአንድ ሰው አይደለምና በቀላሉ አይከፈልም። ቀደም ብለው ከልደታ የተነሡ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ሁለት ታክሲ ይዘው ለድሮው እድራቸው ወርሃዊ መዋጮ ሲከፍሉ ኖረዋል፤ አዲሱ ሰፈር አዲስ እድር ቢያቋቁምም የድሮውን አልተዉም። እናት ስታርፍ ማን እንደሚያለቅስላት የሚያውቁት የድሮዎቹ ናቸው።

አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒ ዤራር ጋር ሆነው የአዲስ አበባን ከ1879 እስከ 1933 ዓ.ም. ያሉ ሕንፃዎች በመጽሐፍ አሰባስበዋል፤ ሚሌና ባቲስቶኒና ጃን ፓውሎ ኪያሪም የድሮ ቤቶችን እየዞሩ መዝግበዋል። በእነርሱ ሥራ የተነሣ የመኳንንቱ ቤት፣ የነጋዴው ሰገነት፣ የጠለፋ ሥራ የሚመስለው የእንጨት በረንዳ በፎቶም ቢሆን ቀርቷል። የቅያሱ ነገር ግን ገና በቂ አልተለካም። ካዛንቺስ ውስጥ የትኛው በር ከየትኛው ጋር ይተያይ እንደነበር፣ አንድ ቦኖ ስንት ቤት ያጠጣ እንደነበር፣ ጉልቱ በስንት ሰዓት ከየት ወደየት ይዞር እንደነበር የሚያውቁት አሁንም በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ስልካቸው አለ፣ የአዲሱ ቤታቸው አድራሻም ይታወቃል። የአርክቴክቸር ተማሪዎች መለኪያ ሜትርና ድምፅ መቅጃ ይዘው እነርሱ ዘንድ መሄድ አለባቸው። ገና ያልተነኩት ሰፈሮች ዘንድም፣ ቀኑ ከመድረሱ በፊት። የሚመጣው ሰፈር ሲነደፍ ነዳፊው ጠረጴዛ ላይ ከጎዳናው ስፋት ጋር ከምድጃ እስከ ጎረቤት ያለው ርቀትም ተጽፎ መቀመጥ አለበት።